ኃይሉ ከማን ነው?

በኮምፒውተር የምናብ ጨዋታዎች ውስጥ ጠንቋይ ጦረኛ የተለመደች ሴት ናት። በአንድ እጇ ጎራዴ፣ በሌላው እሳት ይዛ ትመጣለች፤ ስትደግም ምድር ይሰነጠቃል፣ ስትቆጣ ዐውሎ ነፋስ ይነሣል። ተጫዋቹ ስለ ኃይሏ የሚጠይቀው መጠኑን ብቻ ነው። በማያ ገጹ ጥግ ሰማያዊ መስመር አለ፤ ስትደግም ያጥራል፣ ስታርፍ ይረዝማል። ኃይሉ እንደ ነዳጅ ይቀዳል፣ ያልቃል፣ እንደገና ይሞላል። ባለቤት የለውም።

የዋግና የላስታ ደገኛ ለእንዲህ ያለችው ሴት እንግዳ አይደለም። እሱ ግን «ምን ያህል አላት?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ከማን አመጣችው?» ብሎ ነው። ኃይል ያለ ሰጪ አይኖርም፤ ሰጪው ወይ እግዚአብሔር ነው፣ ወይ ሌላ ነው፤ ከመካከል የሚቆም የለም። ሃይማኖታዊው ክርክር በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህች አጭር ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄዋ ምን ያህል እንደምታስቸግር ለማየት ደግሞ ከዚያው ከደጋው የሚሻል ቦታ የለም።

ደሃና ከዋግ ኽምራ ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ዋና ከተማዋ አምደወርቅ ትባላለች። በሰሜን ምሥራቅ ከሰቆጣ ትዋሰናለች። በደቡብ በኩል ያለው አገር ደግሞ ወደ ቡግናና ወደ ላሊበላ ይወስዳል። ኽምጣናና አማርኛ በአንድ ገበያ የሚሰሙበት የአገው ምድር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አክሱምን አፈረሰች የምትባለውን ሴት የቡግና ገዥ ሚስት ያደርጋታል። ዮዲት፣ ጉዲት፣ እሳቶ፤ ስሟ እንደ ተናጋሪው ይለዋወጣል። በሌሎችም ትውፊቶች ከላስታ አገው ጋር ትያያዛለች። እንግዲህ የኢትዮጵያ ታሪክ ከሁሉ አብልጦ የፈራት ጦረኛ ሴት፣ በትውፊት መንገድ ቢሄዱ፣ የደሃና ጎረቤት ናት ማለት ነው።

ትውፊቱ የታወቀ ነው። ከአክሱም ነገሥታት ወገን የተወለደች መልከ መልካም ሴት ነበረች። አንድ ዲያቆን ወደዳትና ከጽዮን ማርያም የወርቅ መጋረጃ ቆርጦ ጫማ አሠራላት። ነገሩ ሲገለጥ ክፉኛ ተቀጣች፤ አገር ለቃ ተሰደደች። በስደቷ የሻም ንጉሥ ልጅ የሆነ ዜኖቢስ የሚባል ሰው አገባች፣ የአይሁድን እምነት ያዘች፣ ጦር አስከትታ ተመለሰች። አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለች፣ በደብረ ዳሞ አምባ የተቀመጡትን የነገሥታት ልጆች ፈጀች፣ ዐርባ ዓመት ገዛች። ስትሞትም እንደ ሰው አልሞተችም፤ ዐውሎ ነፋስ አንሥቶ ጣላት፤ መቃብሯ በትግራይ ውቅሮ አቅራቢያ ነው ይባላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ትውፊቱ አረመኔ ይላታል፣ እሳት ይላታል፣ ጠንቋይ ብሎ ግን ሲሰይማት እምብዛም አይሰማም። ሆኖም የሰው እጅ የማይችለውን ሁሉ ያሸክማታል። የአክሱምን ታላላቅ ሐውልቶች የጣለቻቸው እርሷ ናት ይባላል። ከእነዚህ ትልቁ 33 ሜትር የሚረዝም አንድ ወጥ ድንጋይ ሲሆን ክብደቱ ከ500 ቶን ይበልጣል። የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች የሚገምቱት፣ ይህ ሐውልት ሊቆም ሲል ወይም እንደ ቆመ ወዲያው በራሱ ክብደት ወድቆ መሰባበሩን ነው። በአክሱም ምዕራብ «የጉዲት ሐውልቶች» የሚባለው ሜዳ ደግሞ አብዛኞቹ ያልተጠረቡ፣ አነስ ያሉ ድንጋዮች የቆሙበት መካነ መቃብር ነው። እርሷ ኖረችበት ከሚባለው ዘመን ስድስት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። ስሟ ግን ላዩ ላይ ተለጥፎበት ቀርቷል። የአክሱም ሳንቲም መሠራቱን ያቆመው በ7ኛው መቶ ዘመን ገደማ ነው፤ የቀይ ባሕር ንግድ ከአክሱም እጅ የወጣውም በዚያው ዘመን ነው። ስለዚህ ንግሥቲቱ በ10ኛው መቶ ዘመን ስትነሣ ታላቂቱ ከተማ ከደከመች ሦስት መቶ ዓመት ሆኗታል። ንግድ ሲጠፋ፣ መሬት ሲደክም፣ ሥልጣን ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ የወሰደውን ረጅም ዘመን ትውፊቱ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ጫነው። ይህን ሁሉ የቻለች ሴት ጠንቋይ ካልተባለች ጠንቋይ የሚባል የለም።

ከእርሷ ዘመን የደረሱን ምስክሮች ምን ይላሉ?

ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከውጭ አገር መዛግብት የተገኙ። አንዱ የ10ኛው መቶ ዘመን ዐረብ መልክዓ ምድር ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል ነው። በሐበሻ ምድር አንዲት ሴት ንጉሡን ገድላ ሠላሳ ዓመት ያህል እንደ ገዛች፣ እርሱ በሚጽፍበትም ጊዜ በዙፋኗ ላይ እንደ ነበረች ይናገራል። የፖለቲካ ወሬ ነው፤ ደረቅና አጭር። ሁለተኛው የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ በሚባለው የዐረብኛ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ከ979 እስከ 1003 እ.ኤ.አ. በመንበሩ በተቀመጠው በፓትርያርክ ፊላታዎስ ዘመን፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ ደብዳቤ ጻፈ። አንዲት ንግሥት ተነሥታ ከተሞችን አቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናትን አፈረሰች፣ እርሱንም ከቦታ ቦታ አሳደደችው። ጊዮርጊስ ከፓትርያርኩ ዘንድ አማላጅ ሆኖ ጳጳስ እንዲያስልክለት ይለምነዋል።

የደብዳቤው ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ንጉሡ ስለ መከራው ሲናገር ጣቱን ወደ ሴቲቱ ኃይል ሰጪ አይቀስርም። ከእርሱ በፊት የነበረ ንጉሥ በጳጳሱ ላይ በደል ፈጸመ፤ አገሩ ለብዙ ዘመን ያለ ጳጳስ ቀረ፤ ቁጣው የመጣው በዚህ ነው ይላል። ጠላቱን ሰይጣን ላከብኝ አላለም። ቤቱ የነደደበት፣ ከሥር ከሥሩ የሚባረር ሰው ነው ይህን የሚጽፈው፤ «ምን በደልን?» ብሎ ነው የጀመረው። ፓትርያርኩም ከአባ መቃርስ ገዳም አባ ዳንኤልን ሾሞ ላከለት፤ መጽሐፉ እንደሚለው ከዚያ በኋላ መከራው ቆመ።

ትውፊት የጠየቀው ሌላ ነው፦ «እርሷ ምንድን ናት?» የመጀመሪያው ጥያቄ ጠያቂውን ያስከፍላል። ሁለተኛው የሚያስከፍለው ሌላውን ሰው ነው። ንግሥቲቱ ከየት እንደ መጣች እንኳ ገና አልለየም፤ የዐረብኛውን ጽሑፍ አንብቦ የወገኗን ስም ያስተካከለው ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ከደቡብ፣ ከዳሞት ናት ብሎ ገመተ፤ እንደ እርሱ ከሆነ የአገውም የአይሁድም ነገር ይቀራል። ሥርግው ሀብለ ሥላሴም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነገሩን እንደገና መርምረውታል። የሕዝብ ተረት ግን የታሪክ ሊቃውንትን ፍርድ አይጠብቅም። ወርቁን፣ እሳቱን፣ ነፋሱን በየዘመኑ እየጨመረ ሄደ።

ይህ የሐበሻ ብቻ አመል አይደለም። በሰሜን አፍሪካ በአውራስ ተራሮች በ7ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የዐረብን ጦር የተቋቋመች ዲህያ የምትባል የበርበር መሪ ነበረች። ዓለም ዛሬ የሚያውቃት ግን ጠላቶቿ ባወጡላት ቅጽል፣ «ካሂና»፣ ማለትም ሟርተኛይቱ፣ በሚለው ነው። ጦሩን ስታሸንፍ የነገ ነገር ይገለጥላታል ተባለ። ኢብን ኸልዱን ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ ሲጽፍ ወገኖቿን ከአይሁድ እምነት ጋር አገናኛቸው፤ ከእሳቶ ታሪክ ጋር ያለው መመሳሰል ያስደንቃል። በፈረንሳይ ደግሞ ጃን ዳርክ የቅዱሳንን ድምፅ ሰማሁ ብላ ጦር መራች። በ1431 እ.ኤ.አ. በሩዋን ከተማ በእንግሊዞች እጅ ሳለች መናፍቅ ተብላ ተቃጠለች፤ በክሱ ውስጥ የአጋንንት ነገር ነበረበት። ከተማይቱ በፈረንሳዮች እጅ ከገባች በኋላ፣ በ1456፣ ፍርዱ ተሻረ። በ1920 ቅድስት ተባለች። ድምፁ ያው ድምፅ ነው። የተለወጠው ከተማይቱን የያዘው ጦር ነው።

ወደ ደጋው እንመለስ። ከቡግና ወዲህ ወዲያ ሳይሉ፣ በዚያው በአገው ምድር፣ ሌላ ገዥ አለ፤ ላሊበላ። ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ እኅቱ መርዝ ብታጠጣው ወደ ሰማይ ተነጠቀ፤ ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ሲያንጽ ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ሠሩ። ዓለት እንደ ዳቦ የሚቆርጥ ሠራዊት ካለው ይልቅ ሐውልት የጣለች ሴት ለምን ታስፈራለች? መልሱ ቀላል ይመስላል፤ እርሱ አነጸ፣ እርሷ አፈረሰች። እውነትም ትልቅ ልዩነት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ልዩነቱ የሚነግረን ስለ ሥራቸው እንጂ ኃይላቸው ስለ ተቀዳበት ምንጭ አይደለም። ሰው ክፉ ለመሥራት አጋንንት አያስፈልገውም፤ ክብሪት ይበቃዋል።

ጦርነት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይደበላለቃል። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ነበረ፤ ሰማዕቱ በነጭ ፈረስ ሲዋጋ ታየ የሚለው ዛሬም ይነገራል። በዚያ ጦር ውስጥ የዋግ ሰዎች ከዋግሹም ጓንጉል ጋር ተሰልፈዋል። ከእነርሱ መካከል አንገቱ ላይ ክታብ ያልነበረው ስንት ነበር? ለጦር ሰው ከጦርና ከጥይት የሚጠብቅ ጸሎት መጻፍ የደብተራ የታወቀ ሥራ ነበር። ብራናው በቆዳ ማኅደር ይሰፋል፣ በአንገት ወይም በክንድ ይታሰራል። ጦረኛው ራሱ በአንድ እጁ ጎራዴ፣ በደረቱ አስማት ይዞ ነበር የሚዘምተው። በጨዋታው ቋንቋ ከሄድን፣ ጠንቋይ ጦረኛው እርሱ ነው። ራሱን ግን እንዲያ ብሎ አይጠራም፤ የእርሱ ጸሎት ነው፣ የወዲያኛው ድግምት ነው።

የክታብ ነገር የዋዛ አይደለም። ጥቅልሉ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ከራስ እስከ እግር ይጠብቀዋልና። በላዩ ዐይኖች፣ ኮከቦች፣ ሰይፍ የያዙ መላእክት ይሣላሉ። ከጸሎቶቹ ሁሉ ለሴቶች በብዛት የሚጻፈው የሱስንዮስ ጸሎት ነው። ወርዘልያ የምትባል ሴት ሕፃናትን ትገድላለች፤ የሱስንዮስንም ልጅ ገደለች። እርሱም ፈረሱን ጭኖ፣ ጦሩን ይዞ ይፈልጋታል፤ በአጋንንት ተከባ ያገኛታል፤ ከጸለየ በኋላ በጦር ይወጋታል። ሥዕሉ በየክታቡ አለ፤ ፈረሰኛው ከላይ፣ ሴቲቱ ከታች። ጦረኛና ጠንቋይ የተፋጠጡበት ይህ ሥዕል በስንት ወላድ አንገት እንደ ዞረ የሚቆጥረው የለም።

እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን መምህር ይነሣና ያቋርጣል፤ ሊደመጥም ይገባዋል። ጸሎትና አስማት አንድ አይደሉም ይላል። የሚጸልይ ሰው ይለምናል፤ ቢሰጠው ያመሰግናል፣ ቢከለክለው ይገዛል። የሚደግም ሰው ያዝዛል፤ ቃሉን በትክክል ካለው ነገሩ እንዲሆንለት የግድ ይላል። አንዱ ባሪያ ነው፣ ሌላው ጌታ ልሁን ባይ። ልዩነቱ ጥልቅ ነው፤ በዓለም ያሉ ብዙ ፈላስፎችም ከዚህ የተሻለ አላመጡም። የምናብ ጨዋታው ሰማያዊ መስመር የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው፤ ልመና የሚባል ነገር አያውቅምና ሁሉን ኃይል ትእዛዝ አድርጎታል።

ደብተራውም መልስ አያጣም። እኔ እግዚአብሔርን መቼ አዘዝኩ ይላል። የማዝዘው አጋንንትን ነው፤ ይህን ቄሱም ጠበል ላይ ቆሞ «ውጣ!» ሲል ያደርገዋል። ስሞቹንም ከራሴ አላመነጨሁም፤ «መጽሐፈ አርድእት» ክርስቶስ ለደቀ መዛሙርቱ የገለጠላቸው ስሞች ናቸው ይላል፤ «መርበብተ ሰሎሞን» ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ ያጠመደበትን መረብ ይነግረናል። ሰሎሞን ጠንቋይ ነበር ልትሉኝ ነው? እንዲህ ሲል ክርክሩ ይጠብባል። ትእዛዝ በሁለቱም ዘንድ አለ፤ የእግዚአብሔር ስም በሁለቱም ዘንድ አለ። የሚቀረው የአድራጊው ልብ ነው፤ ወደ ማን ዞሯል? ታዞ ነው ወይስ ሊያዝዝ? ይህ ደግሞ ከውጭ አይታይም።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከውጭ ሊያሳየው ሞከረ። በ1434 እ.ኤ.አ. ሲነግሥ አገሩ በጠንቋይና በባዕድ አምልኮ ተሞልቷል ብሎ ያምን ነበር። ራሱ የነገረ መለኮት ሰው ነው፤ «መጽሐፈ ብርሃን» የእርሱ ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚናገረው ሰው ሁሉ በግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹም ዲያብሎስንና ደስክ የተባለውን ጣዖት መካዱን ጽፎ እንዲይዝ ዐዋጅ ወጣ። ያልጻፈ ተጠረጠረ። የተጠቆመ ተቀጣ። በመጨረሻ ክሱ ቤተ መንግሥት ገባና የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹ ለደስክና ለዲኖ ሰገዱ ተብለው በብርቱ ተቀጡ። ምልክቱን በግንባር መጻፉን አስቡት፤ ሰውን ከክፉ መንፈስ ሊለይ የወጣ ዐዋጅ በቆዳ ላይ የሚታሰር ጽሑፍ፣ ማለትም የክታብ ወንድም፣ ወለደ። ንጉሡ በእምነቱ ቅን እንደ ነበረ መጠራጠር አያስፈልግም፤ ልብ ውስጥ ያለውን በግንባር ላይ ማንበብ ይቻላል ማለቱ ግን አባት ልጁን እንዳያምን አደረገው።

እንግዲህ «ኃይሉ ከማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልካም ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ለራስ ብቻ። ሰው ስለ ገዛ ክታቡ፣ ስለ ገዛ ጦሩ ቢጠይቀው ንስሐ ይሆነዋል፤ የ10ኛው መቶ ዘመን ስደተኛ ንጉሥ ያደረገው ይህን ነው። ወደ ሌላው ሲዞር ግን የሚመልስለት ዕውቀት ሳይሆን ፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይዞ ይጠብቃል።

የዘመኑ ጨዋታ ሠሪዎች በአንድ ነገር ይመሰገናሉ። በኅዳር 2015 እ.ኤ.አ. «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ለተባለው ጨዋታ የአፍሪካ ነገሥታትን የያዘ ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ፣ የኢትዮጵያ ታሪክ የተወከለው በዮዲት ዘመቻ ነበር። አምስት ምዕራፍ አለው፤ ሾተል የያዙ ተዋጊዎች አሉበት። እርሷ ግን ጠንቋይ አይደለችም፤ ተበድላ የተሰደደችና ለመመለስ የምትዋጋ ልዕልት ናት። በፈረንጅ አገር ያለ ወጣት ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ከእርሷ ጋር ወደ አክሱም ይዘምታል። ይህን ለአክሱም ካህን ቢነግሩት ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ቢሆንም ኃይሏን ከቂምና ከወዳጅ ጦር ማምጣታቸው ከሐውልት መጣሉ ይልቅ ለኢብን ሐውቀል ወሬ የቀረበ ነው።

ለአንዲት ሞታ ለተቀበረች ንግሥት ስም ክፉም ሆነ ደግ ምን ይጎዳታል? የሚጎዳቸው ሌሎች ናቸው። በሰሜን ደጋ ቡዳ ይባል የነበረው ከሁሉ አስቀድሞ ብረት ቀጥቃጩ ነው። ቤተ እስራኤል ይህ ስም በእጅጉ ከተጫነባቸው ወገኖች ነበሩ፤ ቀን ማረሻና ጦር የሚሠራው ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባል ነበር። ርስት የተከለከለ ሰው በእጁ ሙያ ይተዳደራል፤ የእጁ ሙያ ደግሞ እሳትን ይገዛል፣ ድንጋይን ያቀልጣል። ጎረቤት ይህን አይቶ ከማን አመጣው አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ የሚሸምነውን፣ ሸክላ የምትሠራውን በሙያቸው እየጠሩ መስደብን ከለከሉ። ዐዋጁ ከወጣ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላም ብዙ ሰው ከእነርሱ ጋር ማዕድ አይቀርብም፣ አይጋባም ነበር።

የድሮ ክታቦችን የዘረጋ ሰው ደግሞ ከአጋንንቱ ዝርዝር መካከል፣ ከባርያና ከሌጌዎን ጎን፣ ቡዳና ነሃቢ የሚሉትን ያገኛል፤ ነሃቢ በግእዝ አንጥረኛው ነው። ጦረኛው ጦሩን ከአንጥረኛው ይገዛል፤ ቀጥሎ ከአንጥረኛው ዐይን እንዲጠብቀው ለደብተራ ከፍሎ ክታብ ያስጽፋል። ደብተራው የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ የሚፍቅበት ስለት፣ መቃ ብዕሩን የሚቀርጽበት ካራ የአንጥረኛው ሥራ ነው።